ጆይ ደንሎፕ፦ በሕዝብ መንገድ ላይ የነገሠው ሞተረኛ

በጁላይ 2000፣ በሰሜን አየርላንድ ባሊመኒ በምትባል አነስተኛ ከተማ አቅራቢያ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በተፈጸመ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ 50 ሺህ ያህል ሰው መገኘቱ ተዘግቧል። ከለቀስተኞቹ ብዙዎቹ የመጡት ሞተር ብስክሌታቸውን እያሽከረከሩ ነበር። ሟቹ ባለሥልጣን አልነበረም። በከተማው ውስጥ መጠጥ ቤት የነበረው፣ ሞተሩን በገዛ እጁ ፈትቶ የሚገጥም፣ በሰው ፊት መናገር የሚጨንቀው የ48 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ሙሉ ስሙ ዊሊያም ጆሴፍ ደንሎፕ ሲሆን የሚታወቀው ጆይ በሚለው ነው።

ደንሎፕ በአይል ኦፍ ማን ደሴት በሚካሄደው "ቲቲ" በተሰኘው ውድድር 26 ጊዜ አሸንፏል፤ ከ1982 እስከ 1986 ባሉት አምስት ተከታታይ ዓመታትም የቲቲ ፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝናውን ያስገኘለት የውድድር ዓይነት ግን ሕይወቱንም የወሰደው ነው።

ለውድድር ያልተሠራ መንገድ

አብዛኞቹ የሞተር ብስክሌት ውድድሮች የሚካሄዱት ለዚሁ ተብለው በተሠሩ ክብ መንገዶች ላይ ነው። እዚያ የወደቀ ተወዳዳሪ የሚንሸራተትበት ሰፊ ሜዳ አለው። ደንሎፕ የመረጠው ዓይነት ከዚህ ይለያል። በሌላው ጊዜ የገበሬው ትራክተርና የከተማው አውቶቡስ የሚሄዱበት መንገድ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋና የውድድር ሜዳ ይሆናል። ከመንገዱ ዳር ያለው የድንጋይ ካብ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ዛፍና የቤት ግድግዳ ባለበት ይቆያል።

ከእነዚህ መንገዶች ሁሉ ስመ ጥሩ፣ በብሪታኒያና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ በምትገኘው የአይል ኦፍ ማን ደሴት ያለው ነው። ቲቲ የተጀመረው በ1907 ሲሆን፣ ዛሬም የሚያገለግለው የተራራ መንገድ ሥራ ላይ የዋለው በ1911 ነው። አንዱ ዙር ብቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። መንገዱ መንደሮችን አቋርጦ ስኔፌል የተባለውን ተራራ ይወጣል፤ ከ200 በላይ መታጠፊያዎችም አሉት። ተወዳዳሪዎቹ ተደርድረው በአንድነት አይነሡም፤ በአሥር ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። አሸናፊው የሚለየው በሰዓት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የሚታገለው በዓይኑ ከሚያየው ባላጋራ ይልቅ ከመንገዱና ከራሱ ጋር ነው።

በዚህ መንገድ ላይ እስካሁን በውድድርና በልምምድ ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። በ1970ዎቹ የዘመኑ ታላላቅ ሻምፒዮናዎች "ከዚህ በኋላ እዚህ አንወዳደርም" በማለታቸው፣ የዓለም ግራንድ ፕሪ ከ1976 በኋላ ደሴቲቱን ለቀቀ። በምትኩ በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው የቲቲ ፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና ነው። ሌሎች የሸሹት መንገድ ለደንሎፕ ቤቱ ሆነ።

ከሐዘን ወደ ድል

ጆይ ደንሎፕ የተወለደው በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1952 ነው። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም። ውድድር ሲጀምር ከወንድሙ ከጂም፣ ከእህቱ ባል ከሜርቪን ሮቢንሰንና ከጓደኛቸው ከፍራንክ ኬኔዲ ጋር በመሆን ነበር። አራቱ መለዋወጫና ጥበብ እየተዋዋሱ ከአንዱ የገጠር ውድድር ወደ ሌላው ይጓዙ ነበር። ደንሎፕ ወደ ቲቲ የሄደው በ1976 ሲሆን፣ በዓመቱ በያማሃ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ።

ከዚያ በኋላ ሞት ወደ ቡድኑ ገባ። ኬኔዲ በ1979 ኖርዝ ዌስት 200 በተባለው የሰሜን አየርላንድ ውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ። በዓመቱ፣ በዚያው ውድድር፣ ሮቢንሰን ሞተ። ደንሎፕ ውድድሩን እስከ መተው አስቦ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ። በዚያ ውድድር የነዳጅ ታንከሩ ማሰሪያ ተበጥሶበት፣ ታንከሩን በጉልበቶቹ ጨብጦ እየያዘ አሸነፈ፤ በሰዓት ከ185 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነትም የዙሩን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ሆንዳ በ1981 አስፈረመው፤ የአምስት ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮንነት ዘመንም ከዚያ ተከተለ። የታላቅ ኩባንያ ተወዳዳሪ ቢሆንም ልማዱን አልለወጠም። ሞተሩን ራሱ ካልነካካው አያምነውም፤ በጭነት መኪናው ውስጥ ማደርን ከሆቴል ያስበልጥ ነበር። በጥቁር መስመር ያጌጠው ቢጫ ሄልሜቱ ከሩቅ ያስታውቀዋል።

በ1985 ወደ ቲቲ ለመሄድ የተሳፈረባት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በሌሊት ሰጠመች። ደንሎፕና አብረውት የነበሩት በነፍስ አድን ሠራተኞች ተርፈው ወጡ። እርሱም በዚያው ሰሞን ደሴቲቱ ደርሶ በአንድ ሳምንት ሦስት ውድድሮችን አሸነፈ።

በ1989 በእንግሊዝ ብራንድስ ሃች ክፉኛ ተጎድቶ እግሩና የእጁ አንጓ በመሰበራቸው ብዙዎች ዘመኑ አበቃ ብለው ነበር። አላበቃም። በትንንሾቹ ሞተሮች ክፍል እየተወዳደረ ተመለሰ፤ በ1993 የታላቁን የማይክ ሄይልዉድን የ14 ድሎች ክብረ ወሰን አለፈ።

መሪው በእጁ፣ ጭነቱ ለሌላው

ውድድር በሌለበት ወቅት ደንሎፕ መኪናውን በምግብ፣ በልብስና በሕፃናት መገልገያ ሞልቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን፣ አውሮፓን እያቋረጠ ይነዳ ነበር። ጭነቱን የሚያራግፈው በሩማኒያ፣ በአልባኒያና በቦስኒያ በሚገኙ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ነው። ጋዜጠኛ አላስከተለም፤ ፎቶግራፍም አልፈለገም። የብሪታኒያ መንግሥት በ1986 ለስፖርቱ፣ በ1996 ደግሞ ለዚህ በጎ ሥራው ኒሻን ሸልሞታል።

ደንሎፕ ዝነኛ የሆነበት ዘመን ሰሜን አየርላንድ በፕሮቴስታንትና በካቶሊክ ማኅበረሰቦች መካከል ተከፍላ፣ በቦምብና በጥይት ብዙ ሰው ያለቀበት ዘመን ነበር። እርሱ ከፕሮቴስታንቱ ወገን ቢወለድም ስሙን ለማንም ወገን መፈክር አላዋለም። በድንበሩ ማዶና በዚህ ባሉ መንገዶች ዳር ቆመው የሚያበረታቱት ተመልካቾች ከሁለቱም ማኅበረሰቦች ነበሩ፤ በቀብሩም ላይ በአንድነት ቆመዋል።

የመጨረሻው በጋ

በጁን 2000 ደንሎፕ 48 ዓመቱ ነበር። የሳምንቱን ዋና ውድድር፣ የፎርሙላ ዋን ቲቲን፣ ካሸነፈ 12 ዓመት አልፎታል። ሆንዳ አዲስ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሰጠው። ከስድስት ዙር፣ ማለትም ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ግልቢያ በኋላ፣ በዕድሜ እጅግ የሚያንሱትን ተፎካካሪዎቹን ቀደመ። በዚያው ሳምንት በ250 እና በ125 ሲሲ ክፍሎችም አሸንፎ የድሎቹን ቁጥር 26 አደረሰ። በመጨረሻው ውድድር ሦስተኛ ሲወጣ፣ በሕይወቱ ፈጣን የሆነውን ዙር በሰዓት 199 ኪሎ ሜትር በሚደርስ አማካይ ፍጥነት ጨረሰ።

አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጁላይ 2፣ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ለውድድር ቀረበ። በዕለቱ ሁለት ውድድሮችን አሸነፈ። ሦስተኛውን፣ የ125 ሲሲውን፣ እየመራ ሳለ በዝናብ በረጠበው መንገድ ላይ ሞተሩ አመለጠው፤ ከመንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ። ባለቤቱንና አምስት ልጆቹን ጥሎ ሄደ።

ያልተዘጋው ክርክር

ሞቱ ቤተሰቡን ከመንገዱ አላራቀውም። ታናሽ ወንድሙ ሮበርት በ2008 በኖርዝ ዌስት 200 ልምምድ ላይ ሞተ። የሮበርት ልጅ ማይክል አባቱ በሞተ በሁለተኛው ቀን በዚያው ውድድር ተሰልፎ አሸነፈ። ሌላው የሮበርት ልጅ ዊሊያም በ2018 በአየርላንድ ሪፐብሊክ በውድድር ልምምድ ላይ ሞተ። ማይክል በ2024 በቲቲ 27ኛ ድሉን በማግኘት የአጎቱን ክብረ ወሰን አለፈ።

ይህን የሚያይ ሰው "እንዲህ ያለው ውድድር ለምን አይታገድም?" ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ተቃዋሚዎቹ ምንም ድል የአንድን አባት ሕይወት አይተካም ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ተወዳዳሪው አደጋውን ዐውቆ፣ ማንም ሳያስገድደው የመረጠው መሆኑን ያስረዳሉ። የደንሎፕ ሕይወት ለሁለቱም ማስረጃ ይሆናል። ጓደኞቹን ቀብሮ ተመልሷል፤ ዋጋውን አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። ዋጋውን የከፈለው ግን እርሱ ብቻ አልነበረም።

ዛሬ በአይል ኦፍ ማን ተራራ ላይ፣ ሞተሩን ተቀምጦ መንገዱን የሚመለከት የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል። በስሙ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅትም ደሴቲቱን ለሚጎበኙ አካል ጉዳተኞች ማረፊያ ያዘጋጃል።