የፍቅር መንገድ፦ ገጠርና ከተማ በሩስያና በኢትዮጵያ ልብ ወለድ

በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ የፍቅር ታሪክ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምናተኩረው በተፋቃሪዎቹ ጠባይ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ፍቅሩ የበቀለበት ቦታ፣ ገጠር ወይም ከተማ መሆኑ፣ በታሪኩ ፍጻሜ ላይ ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም።

በታላላቆቹ የሩስያ ልብ ወለዶች ገጠር የእውነተኛ ስሜት፣ ከተማ የማስመሰል ስፍራ ሆኖ ይታያል። የፑሽኪን ታትያና በገጠር ሳለች ፍቅሯን ሳትደብቅ ለኦኔጊን በደብዳቤ ትገልጻለች፤ በፒተርስቡርግ የጄኔራል ሚስት ከሆነች በኋላ ግን ስሜቷን ሸሽጋ መኖርን ተምራለች። በቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ሌቪንና ኪቲ በእርሻቸው ትዳር ሲመሠርቱ፣ በሞስኮ ባቡር ጣቢያ የተጀመረው የአናና የቭሮንስኪ ፍቅር በባቡር ሐዲድ ላይ በአና ሞት ያከትማል።

በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። የማንኩሳው ተወላጅ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ይዋደዳሉ። ፊታውራሪ ግን ዘር ቆጣሪ ናቸው፤ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ሲመርጡ ዕድሜዋ አልፏል። ስለዚህ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሰብለም መነኩሴ መስላ ትከተለዋለች። የሚገናኙት እሱ ሊሞት ሲል፣ በመንገድ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ፑሽኪንም ቶልስቶይም መኳንንት ነበሩ፤ ታትያናና ሌቪንም ከባለርስት ወገን ናቸው። ገጠሩ ጸጥተኛና ውብ ሆኖ የሚታየው ከጌታው ቤት መስኮት ሲያዩት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1861 ድረስ ከዚያ መስኮት ማዶ ያለው ገባር የጌታው ንብረት ነበር። በዛብህ ግን ያንኑ የጌታ ቤት የሚያየው ከታች ሆኖ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት በዲማ ጭምር የተማሩ ስለሆኑ ዓለሙን ከውስጥ ያውቁታል። መጽሐፉ ከወጣ ከ9 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የዚያን ሥርዓት መሠረት አፈረሰ።

ይህ ሲባል ከተማ በራሱ ነጻነት ነው ማለት አይደለም። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) አበራ ወርቁ በአዲስ አበባ እየኖረ፣ ዘር የሚቆጥርበት ፊታውራሪ ሳይኖር፣ በፍቅሩም በሥራውም ሰላም አያገኝም።

እንግዲህ እኛ መምህራን ተማሪዎቻችንን፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞያሌ፣ ሁለት ጥያቄ ብንጠይቃቸው መልካም ነው፦ በታሪኩ ውስጥ መሬቱ የማን ነው? ተፋቃሪዎቹን «አይሆንም» ለማለት ሥልጣን ያለውስ ማን ነው? ይህን የመለሰ ተማሪ ልብ ወለዱን ብቻ ሳይሆን የአያቶቹን የጋብቻ ታሪክም አስተውሎ ያነባል።