የሐይቁ መኪና ገዢ

ያ ጀማ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ልጀምርላችሁ።

ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣሊያን የጠረገው ጎዳና፣ ደሴን ለቆ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማ ይገባል፤ ከዚያ የአምባሰልን ውጫሌ ረግጦ ወደ መርሳ ያልፋል። በዚህ ጎዳና ያልተፈተነ የናፍጣ ሞተር ጥቂት ነው። ድሮ ኤንትሬ ነበር፤ ያ ፊያት 682 የጭነት መኪና፣ ዳገት ሲይዝ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎማው ጎን ጎን የሚያዘግምለት። ኋላ ቶዮታ መጣና ዘመኑ የጃፓን ሆነ።

የዛሬው ወሬዬ ከጂዳ ስለተመለሰ አንድ የሐይቅ ጎልማሳ ነው። ስሙ ይቆየን። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነው፣ ታኅሣሥ አልቆ ጥር ሲብት። ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ሰው የሚያመላልስ ኮድ 3 መኪና ሊገዛ ቆርጦ ተነሥቷል። የመጣበት ጊዜ ግን ክፉ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል እንደማይገባ ለምክር ቤት ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲመነዘር ተለቀቀና ዶላር ሰማይ ነካ። ምን ሆነ? አገር ቤት ያለችው አሮጊት መኪና ሙሽራ ሆነች። ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር ዋጋዋ የሚወጣ መኪና እንዳለ ሌላ አገር ብታወሩ ማን ያምናችኋል?

ደላላው መጀመሪያ ያሳየው ሃርድቶፕ ነው፤ ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ ረጅሙ ላንድክሩዘር። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው።

«ይህን ሞተር የሚገድለው የለም» አለ ደላላው።

እውነቱን ነው፤ ደላላ እውነት የተናገረበትን ቀን መዝግቡልኝ። ለመስከረም 21፣ ሕዝቡ ለግሸን ማርያም ሲተም፣ ለዚያ ፒስታ ከሃርድቶፕ የሚስተካከል አላየሁም። ግን ሁለት ሰልባቲዮ አለው፣ በድምሩ 180 ሊትር። ናፍጣ በ2014 ክረምት በሊትር 49 ብር ገደማ ነበር፤ ጎልማሳችን ገበያ በወጣበት ሰሞን 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገብቷል። ሁለቱንም ለመሙላት 17,800 ብር ገደማ! ያን ገንዘብ ከሐይቅና ከደሴ ተሳፋሪ ኪስ ማን ይለቅመዋል?

አይሱዙ ይሁን የሚልም ነበር፤ ጭነት ያዋጣል ብሎ። ሚስቱ አደጋውን ፈርታ አልፈቀደችም። ሰዉ ለአይሱዙ ያወጣለትን ስም ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልደግመውም።

ቀሩ ሁለት የቶዮታ ሚኒባሶች፦ አባዱላና ዶልፊን።

አባዱላው ያምር ነበር። ወንበሩ ሰፊ፣ ጣራው ከፍ ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ። የአባዱላው ቱ ኬዲ ሞተር 2.5 ሊትር ብትሆንም ተርቦ አላት፤ ናፍጣውን በኮምፒውተር እየለካች ትረጫለች፣ ትንሽ ጠጥታ ብዙ ትጎትታለች። የዶልፊኗ ስሪ ኤል 2.8 ሊትር ናት፤ ፖምፓዋ ብረት ብቻ፣ ኮምፒውተር የማታውቅ፣ ዳገት ላይ የምትለምን። በወረቀት ከሄድን አባዱላው አሸንፏል። ጎልማሳውም ልቡ ወደዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ገቡበት።

«አንተ ልጅ፣ ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ከየት ትቀዳለህ?»

«ከጀሪካን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ጀሪካኑ ውስጥ ውኃ አለ፣ አቧራ አለ። ዶልፊን ያንን ጠጥታ ታስላለች፣ ጭስ ትተፋለች፣ ግን ቤትህ ታደርስሃለች። ፊልትሮ ትቀይራለህ፣ ኖዝሏን እዚሁ ታስጠርጋለህ፣ በቃ። የአባዱላው ኖዝል ከተበላ ግን ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ፍለጋ ትዞራለህ፤ መኪናህ ቆማ ሾፌርህ ደመወዝ ይበላል።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«አብሽር። ዶልፊኗን ነገ ጠዋት እናያለን። እንደምንመጣ ለሻጩ እንዳትነግረው።»

ለምን እንዳትነግረው አሉ? ሻጭ ከተነገረው ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃላ! የሞቀ የናፍጣ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ደረሱ። ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ቀዝቃዛ ነው። ቁልፉን አዞሩ፣ የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ጠበቁ፣ አስነሡ። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ለብርድ ነው፣ ወዲያው ጠራ። ጥቁር ቢሆን ኖዝል ነበር። ነዳጅ ሲሰጧት ግን ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። ሻጩ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ጀመረ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ፈቱና ገልብጠው እዚያው አፉ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ ዘሎ ቢወድቅ ሞተሩ በከባዱ ይተነፍሳል ማለት ነበር። ተንቀጠቀጠ፣ አልወደቀም። ቀጥሎ ሰው ጭነው ወደ ደሴ ዳገቱን ያዙ፤ የሙቀት ቀስቷ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም፣ ቴስታታዋ ደኅና ነው።

«ፋሻዋ ዘይት ማሳለፍ ጀምሯል» አሉ ሲመለሱ። «የፋሻውንና የቶርኖ ቤቱን ሒሳብ ከዋጋው ቀንስ።»

ሻጩ ማለ፣ ተገዘተ፣ መኪናዋን በልጅነቷ እንደገዛት ተናገረ። ያኔ በስንት እንደገዛት ሲጠየቅ ግን ቡና ጠሩ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ምስጢሩ ግልጽ ነው፤ ስንት ዓመት ሠርቶባት፣ ልጆች አስተምሮባት፣ ከገዛበት በብዙ እጥፍ እየሸጣት ነው። እስከ እኩለ ቀን ተከራክረው የፋሻው ሒሳብ ተቀነሰ፤ የቶርኖው ለሁለት ተከፈለ።

ሊብሬው ዞረ፣ ቦሎ ተለጠፈ። አሁን ደሴ መናኸሪያ ብትሄዱ ነጯ ዶልፊን ተራዋን ትጠብቃለች፤ ረዳቱ «ሐይቅ! ውጫሌ!» ይላል። በታሪፉ ላይ ትንሽ ቢጨምርባችሁ ናፍጣውን አስቡለት። ዝርዝር የለኝም ካላችሁ ግን አትመኑት፤ ከወንበሩ ሥር ነው የሚያስቀምጠው።