የውጫሌዋ «በ»

«በ» አንዲት ፊደል ናት፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው። «በቤት» ስንል ቦታን፣ «በጠዋት» ስንል ጊዜን፣ «በቢላ» ስንል መሣሪያን፣ «በአማላጅ» ስንል ደግሞ ጉዳያችን የሚያልፍበትን መንገድ ትነግረናለች። ግዕዝም በዚሁ መልኳ ይጠቀምባታል፤ በዕብራይስጥና በዓረብኛም ዘመድ አላት። እንግሊዝኛ ለመጨረሻው ትርጉም «ትሩ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አለው። ከጀርመንኛው «ዱርኽ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ መነሻ ትርጉሙም በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው መውጣት ነው።

ታዲያ ይቺ «በ» አንድ ጊዜ የአገር ጉዳይ ሆና ነበር። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌን ታገኛላችሁ። እዚያው አቅራቢያ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ባለ 20 አንቀጽ ውል ተፈራረሙ።

የአንቀጽ 17 አማርኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» ነው የሚለው፦ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል ለመሥራት ተስማምተዋል። ልብ በሉ፣ መንገዱ በኢጣሊያ በኩል መሆኑን ሁለቱም ጽሑፎች ይናገራሉ። የተለያዩት ከ«በ» በኋላ በመጣው ግስ ነው።

በውኃ መስመር እንየው። ፓምፑ ጎን ማለፊያ ቧንቧ ካለ፣ ፓምፑ ረዳት ነው፤ ስትፈልጉ ትጠቀሙበታላችሁ። ማለፊያው ከተዘጋ ግን ያው ፓምፕ በር ይሆናል፤ ቁልፉም በባለቤቱ እጅ ነው። «ይቻላቸዋል» ማለፊያውን ክፍት ተወው፤ ኢጣሊያ «ኮንሴንቴ»ን ይዛ ዘጋችው።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ መንገሣቸውን ሲጽፉላቸው፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ ግንኙነቱ በኢጣሊያ በኩል እንደሚሆን የሚገልጽ ነበር።

«የትኛው ጽሑፍ ይበልጣል?» ብትሉ፣ አንቀጽ 19 ሁለቱንም እኩል አድርጓቸዋል። ስለዚህ ክርክሩን የሚፈታ ዳኛ ውሉ ውስጥ አልነበረም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ውል የውጫሌን ሰርዞ የኢትዮጵያን ነጻነት አጸና።

እናንተም በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ሲቀርብላችሁ «በእገሌ በኩል» የሚለው ላይ አትቁሙ። ቀጥሎ ያለውን ግስ አንብቡ፦ «ይቻላል» ነው ወይስ «ተስማምቷል»?