ስለ ሁለት ጣትና ስለ ሦስት ጣት፦ በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው መለያየት
በ1653 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ከሞስኮው ፓትርያርክ ከኒኮን ዘንድ ለካህናት አንድ አጭር ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ የያዘው ሁለት ነገር ብቻ ነበረ። አንደኛው፥ በጾሙ ወራት የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ጸሎት ሲደገም የሚሰገደው ስግደት ቍጥሩ እንዲቀነስ፤ ሁለተኛው፥ ሕዝቡ ሲያማትብ እንደ ቀድሞው በሁለት ጣት መሆኑ ቀርቶ በሦስት ጣት እንዲያማትብ የሚል ነው። በዚህች ወረቀት የተጀመረው ነገር የሩሲያን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ከፈለ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም በእሳት ጠፉበት። ሩሲያውያን ይህን ዘመን «ራስኮል» ይሉታል፤ መሰንጠቅ፥ መለያየት ማለት ነው።

ለእንግዳ ሰው ነገሩ ስለ ጣት የተደረገ ከንቱ ክርክር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የሩሲያን ሕዝብ የቀድሞ ታሪክ ጥቂት ያወቀ ሰው እንዲህ አይፈርድም።

ቀድሞ መስኮብ ይባል የነበረው ይህ ሕዝብ ክርስትናን የተቀበለው የኪየቭ መስፍን ቭላዲሚር በ988 ዓመተ ምሕረት በተጠመቀ ጊዜ ነው። ሃይማኖቱንም፥ ሥርዓቱንም፥ ሥዕሉንና ዜማውንም ያገኘው ከግሪኮች ነበረ። ሆኖም ቅዱሳት መጻሕፍትን በግሪክ ቋንቋ አልተቀበለም፤ በ9ኛው መቶ ዓመት ቄርሎስና ሜቶድዮስ የተባሉት ወንድማማች በጀመሩት ትርጉም፥ በስላቭ ቋንቋ ተቀበላቸው እንጂ። ስለዚህ የስላቭ መጽሐፍ ለሩሲያዊ ካህን ግእዝ ለኢትዮጵያ ካህን እንደ ሆነው ሁሉ የተቀደሰ ቃል ነበረ። በ1439 በፍሎረንስ ጉባኤ ግሪኮች ከሮማ ጋራ ለመዋሐድ ሲፈርሙ፥ ከ14 ዓመት በኋላም ቍስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ ስትወድቅ፥ የሞስኮ ሰዎች ግሪኮች ስለ ክሕደታቸው ተቀጡ፥ የቀናችው ሃይማኖት በእኛ ዘንድ ብቻ ቀረች ብለው አመኑ። በ1551 የተሰበሰበው ጉባኤም በሁለት ጣት የማያማትበውን አወገዘ። በ1589 ሞስኮ የራስዋን ፓትርያርክ ሾመች። እንግዲህ ለአንድ ሩሲያዊ የአባቶቹ ሥርዓት ተሳስቶ ኖሮአል ማለት፥ የቀናችው ሃይማኖት በምድር ላይ ጠፍታለች ማለት ነበረ።

ኒኮን የተወለደው በኒዥኒ ኖቭጎሮድ አገር ከገበሬ ወገን ነው። በኋላ ዋና ባላጋራው የሆነው ቄስ አቫኩምም (ስሙ ዕንባቆም ማለት ነው) የዚያው አገር ልጅ ነበረ። ሁለቱም የካህናትን ስካርና የቅዳሴን መጓደል ለማረም ይደክሙ ከነበሩት ቀናተኞች ጋራ የተወዳጁ ናቸው። ኒኮን በ1652 ፓትርያርክ ሲሆን እነዚህ ወዳጆቹ ደስ ብሎአቸው ነበር።

ንጉሡ አሌክሲስ ሚካኤሎቪች ግን ሌላ አሳብ ነበረው። በቱርክ ግዛት ሥር ያሉት ኦርቶዶክሳውያን ሁሉ ሞስኮን እንደ መጠጊያ እንዲያዩአት ይመኝ ነበር፤ በ1654ም የዩክሬን ኮሳኮች ለእርሱ ገብተው ነበር። የእነዚህ ሁሉ ሥርዓት እንደ ግሪኮች ነውና፥ ሞስኮ ብቻዋን የተለየች መሆንዋ ለመንግሥቱ አሳብ እንቅፋት ሆነ። ስለዚህ መጻሕፍቱ እንደ ግሪኮች ይታረሙ ተባለ። «ሃሌ ሉያ» ሁለት ጊዜ ይባል የነበረው ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ለቍርባን ይቀርብ የነበረው ሰባት ኅብስት አምስት ሆነ፤ ዑደቱ በፀሐይ አካሄድ መሆኑ ቀርቶ ተገለበጠ፤ በጸሎተ ሃይማኖት ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚነበበው «እውነተኛ» የሚለው ቃል ወጣ፤ በኢየሱስ ስም ላይ እንኳ አንዲት ፊደል ተጨመረች።

ማረሙ በራሱ በደል አልነበረም፤ በገልባጮች እጅ ብዙ ስሕተት ገብቶ ነበርና። በደሉ በአሠራሩ ላይ ነው። አርሴኒ ሱካኖቭ የተባለ መነኵሴ ከአቶስ ተራራ ገዳማት ወደ 500 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለዚሁ ሥራ አምጥቶ ነበር። ዳሩ ግን አራሚዎቹ በብዙው የተመሩት በእነዚህ ሳይሆን፥ በቬኒስ ከተማ በቅርብ ዘመን በታተሙ የግሪክ መጻሕፍት ነው። ለሕዝቡ ግን ሥራው በጥንታውያን መጻሕፍት የተደረገ እርማት ነው ተብሎ ተነገረው። ከዚህም የሚብስ አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ካፕቴሬቭና ጎሉቢንስኪ የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊቃውንት ጉዳዩን መርምረው፥ በሁለት ጣት ማማተብ የሩሲያውያን ፈጠራ ሳይሆን ከጥንት ግሪኮች የተቀበሉት ልማድ እንደ ነበረ፥ ኋላ የለወጡትም ግሪኮች ራሳቸው መሆናቸውን አሳዩ። እንግዲህ ያልተማረ ተብሎ የተሰደበው የገጠር ካህን በዚህ ነገር እውነቱን ይዞ ነበር፤ ማስረጃው ግን በእጁ አልነበረም።

አቫኩም ትእዛዙን አልቀበልም በማለቱ ታሰረ፤ በዚያው በ1653 ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። በዚያ አሥር ዓመት ያህል በብርድና በረኃብ ተንከራተተ፤ ሁለት ልጆቹም ሞቱበት። በ1664 ወደ ሞስኮ ቢመለስም አሳቡን አልለወጠም። በ1667 በሩቅ ሰሜን ወዳለችው ወደ ፑስቶዜርስክ ተወስዶ ታሰረ፤ ከእርሱ ጋራ የታሰሩት ሦስት ባልንጀሮቹም ምላሳቸው ተቈረጠ። አቫኩም በዚያ ጕድጓድ ውስጥ የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ፤ የጻፈውም በተራቀቀው የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሳይሆን፥ ገበሬው በሚናገረው በሩሲያኛ ነው። መጽሐፉ በ1861 ሲታተም የአገሩ ደራስያን እጅግ ተደነቁበት። ጸሐፊው ግን በ1682፥ በዚያው ስፍራ፥ ከባልንጀሮቹ ጋራ በእሳት ተቃጥሎ ከሞተ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር።

በ1666 እና በ1667 የእስክንድርያና የአንጾኪያ ፓትርያርኮች ያሉበት ታላቅ ጉባኤ በሞስኮ ተደረገ። የጉባኤው ፍርድ የሚያስገርም ነው። ኒኮንን ከንጉሡ ጋራ ስለ ተጣላና መንበሩን ትቶ ስለ ሄደ ሻረው፤ የኒኮንን እርማት ግን አጸደቀው። በአሮጌው ሥርዓት የሚጸኑትን ሁሉ አወገዘ፤ የ1551 ጉባኤ አባቶችም የወሰኑት በየዋህነትና ባለማወቅ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በነጭ ባሕር ደሴት ላይ ያለው የሶሎቬትስኪ ገዳም አዲሶቹን መጻሕፍት አልቀበልም ብሎ ከ1668 እስከ 1676 በወታደር ተከበበ፤ በመጨረሻም አንድ መነኵሴ ስውሩን መግቢያ ስላሳየ ተያዘ። ከሳምንት በኋላ ንጉሡ ሲሞት ሕዝቡ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው አለ። ሞሮዞቫ የተባለች ታላቅ ወይዘሮ በ1675 በቦሮቭስክ እስር ቤት በረኃብ ሞተች። በ1685 የወጣው ሕግ ደግሞ፥ ከአሮጌው ሥርዓት አልመለስም ያለ በእሳት እንዲቃጠል አዘዘ። ወታደር በቀረበ ጊዜ ብዙዎች በጸሎት ቤት ተሰብስበው በራቸውን ዘግተው ራሳቸውን አቃጠሉ። ይህን አድራጎት ከራሳቸው ወገን የነቀፉት ነበሩ፤ መነቀፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደዚያ የገፋቸውን መዘንጋት አይገባም።

ከአሮጌው ሥርዓት ጋራ የቆመ ጳጳስ አልቀረምና፥ የቀድሞ ካህናት ሲያልቁ ማን ይቀድሳል የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዳንዶቹ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የሚኮበልሉ ካህናትን ተቀበሉ፤ ሌሎቹ ያለ ካህን፥ ያለ ቍርባን ለመኖር ቈረጡ። ካህን የሌለው ማኅበር የሚቆመው በመጽሐፍ ነው። በ1694 በሰሜን በቪግ ወንዝ አጠገብ የተመሠረተው ማኅበር ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። ዱር መንጥረው፥ እህል ነግደው፥ ለታላቁ ጴጥሮስ የብረት ፋብሪካ ሠርተው ነፃነት ገዙ፤ ወንዶችም ሴቶችም መጽሐፍ የሚገለብጡበት ቤትና ትምህርት ቤት አቆሙ።

መንግሥት በ1722 ከእነርሱ ጋራ የሚከራከር ካህን 106 ጥያቄ አስይዞ ላከባቸው። የማኅበሩ አለቃ አንድሬ ዴኒሶቭና ባልንጀሮቹ በ1723 ለእያንዳንዱ መልስ ጻፉ። በዚያን ጊዜ ከአሳዳጆቻቸው እጅ ዋና ማስረጃ ሆኖ የቀረበው፥ በ1157 በኪየቭ የተደረገ ጉባኤ ሁለት ጣትን አውግዞአል የሚል የብራና መጽሐፍ ነበረ። የቪግ ሰዎች ግን ብራናውን፥ ቀለሙን፥ የፊደሉን ቅርጽና የቃላቱን ዘመን ከእውነተኛ ጥንታውያን መጻሕፍት ጋራ አስተያይተው፥ መጽሐፉ በቅርብ ጊዜ የተሠራ ሐሰት መሆኑን አስረዱ። የኋላ ሊቃውንት ይህን ሥራ በሩሲያ የጥንት ጽሑፍ ምርመራ መጀመሪያ ነው ብለው ይቈጥሩታል። ከዩኒቨርሲቲ ያልወጡ፥ በዱር የሚኖሩ ስደተኞች የሠሩት መሆኑን ልብ ይሏል። ክርክሩ ከመጀመሪያው በዚህ መንገድ ቢካሄድ ኖሮ ምን ያህል ደም በዳነ ነበር!

ጴጥሮስ መግደሉን ትቶ ከ1716 ጀምሮ እጥፍ ግብር ጣለባቸው። ከመንግሥት ሥራ ስለ ተከለከሉ ወደ ንግድ ዞሩ፤ ሞሮዞቭና ርያቡሺንስኪ የተባሉት የሞስኮ ባለ ፋብሪካዎች ከእነርሱ ወገን የወጡ ናቸው። ቢሆንም በኒኮላስ 1ኛ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት ማሳደዱ በርትቶ የቪግ ማኅበር ጠፋ፤ በ1856ም በሞስኮ የሮጎዥስኮዬ አብያተ ክርስቲያናት መቅደስ በማኅተም ተዘጋ። ማኅተሙ የተፈታው በ1905 የሃይማኖት ነፃነት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። በመጨረሻም በ1971 የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የ1667ን ውግዘት እንዳልነበረ ቈጥሮ አነሣ፤ አሮጌው ሥርዓትም ከአዲሱ ጋራ እኩል የሚያድን መሆኑን መሰከረ። 304 ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1978፥ የማዕድን መርማሪዎች በሳይቤሪያ ዱር ውስጥ ከ1936 ወዲህ ከሰው ተለይቶ የኖረ አንድ የአሮጌው ሥርዓት ቤተ ሰብ አገኙ። ልጆቹን ፊደል ያስተማረቻቸው እናታቸው ናት፤ የተማሩበትም መጽሐፍ ከአባቶቻቸው የወረሱት የጸሎት መጽሐፍ ነው። የ1971 ጉባኤ ወሬ አልደረሳቸውም፤ በመካከሉ ያለፈውን የዓለም ጦርነት እንኳ አልሰሙም ነበር። ሽማግሌው አባት ግን ስለ ኒኮን ሲናገር፥ ትናንት በደጁ አልፎ እንደ በደለው ሰው አድርጎ በቍጣ ይናገር ነበር።