የዱቄት ከረጢትና የሕፃናት ልብስ

ለተቸገረ መስጠት መልካም መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም፤ እንዴት መስጠት እንደሚገባ ግን ብዙዎቻችን ሳናስብበት እንኖራለን። እኔ ይህን የተማርሁት በልጅነቴ፥ ከእፍረት ጋር ነው። ለችግረኛ ልጆች ልብስ አምጡ በተባልን ጊዜ ቁልፉ የረገፈ፥ ክርኑ የተቀደደ ሸሚዜን ጠቅልዬ ልወጣ ስል እናቴ አየችኝና፥ «ይህን አንተ ትለብሰዋለህን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልለብሰውም» አልኋት። «እንግዲያስ ያ ልጅ ካንተ በምን ያንሳል?» ብላ መርፌና ክር አቀበለችኝ። በዚያች ማታ ቁልፍ መትከል ተማርሁ፤ የጥያቄዋን ትርጉም በሙሉ ያስተዋልሁት ግን ካደግሁ በኋላ የቤልጂግን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 4 ቀን 1914 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ቤልጂግን ወረረ። ያች ትንሽ አገር ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት፤ ለእንጀራዋ የሚሆነውንም እህል አብዛኛውን የምታስመጣው ከውጭ አገር ነበር። ጀርመን ምድሯን ያዘ፤ እንግሊዝም ለጠላት ስንቅ እንዳይደርስ ባሕሩን ዘጋ፤ ሕዝቡም በሁለቱ መካከል ለረኀብ ተጋለጠ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር፥ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር፥ በዚያን ጊዜ የማዕድን መሐንዲስ ሳለ፥ በሎንዶን የቤልጂግን ሕዝብ የሚረዳ ኮሚሲዮን አቋቋመ። እህሉና ዱቄቱም በመርከብ እስከ ሮተርዳም ወደብ እየደረሰ፥ ከዚያ በጀልባ ተጭኖ በወንዝና በቦይ ወደ ቤልጂግ ይገባ ጀመር።

ከለጋሾቹ መካከል የአሜሪካ ወፍጮ ቤቶች ነበሩ። እነርሱን ያስተባበረው በሚኒያፖሊስ ከተማ የወፍጮ ባለቤቶች መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዊልያም ኤድጋር ነው። ይህ ሰው ዱቄት አዋጡ ብቻ አላለም፤ ዱቄቱ በጠንካራ የጥጥ ከረጢት፥ እያንዳንዱም 49 ፓውንድ፥ ይኸውም 22 ኪሎ ያህል እየያዘ እንዲታሸግ አሳሰበ። ከምክንያቶቹ አንዱ፥ ዱቄቱ ካለቀ በኋላ የቤት እመቤቲቱ ባዶውን ከረጢት ልብስ አድርጋ እንድትሰፋው ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል! ኤድጋር የራበውን ሆድ ብቻ አላየም፤ የበረደውን ገላና ሥራ የፈታውንም እጅ ጨምሮ አየ።

በቤልጂግ ባዶዎቹ ከረጢቶች በጥብቅ ይጠበቁ ነበር፤ ጥጥ ለጦር መሣሪያ ሥራ ስለሚውል በጀርመኖች እጅ እንዳይገባ፥ ደግሞም ሌላ መናኛ ዱቄት ተሞልቶባቸው እንዳይሸጡ ያሰጋ ነበርና። ስለዚህ ለልጃገረዶች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች፥ ለገዳማትና ለስፌት ክፍሎች ይታደሉ ነበር። በዚያም ከረጢቱ ስፌቱ ተፈትቶ፥ ታጥቦና ተቈርጦ ለሕፃናት ሸሚዝና ቀሚስ ሆነ። በአንዳንዱ ላይ የወፍጮ ቤቱ ስም ሳይለቅ ቀርቶ በልጁ ደረት ላይ ይነበብ ነበር።

ሴቶቹ ግን በዚህ አላበቁም። ከረጢቶቹን ከፊሎቹን በሐር ክር ጠለፏቸው፤ ባንዲራና አበባ አበጁባቸው፤ ዳንቴል አደረጉላቸው፤ የምስጋና ቃልም ጻፉባቸው። ከነዚህም አንዳንዱ ለእርዳታ ገንዘብ ማግኛ ሲሸጥ፥ ሌላው ስጦታ ሆኖ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ዛሬም በአዮዋ፥ በዌስት ብራንች ከተማ ባለው በሁቨር ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ብዙ መቶ የሚሆኑ ተጠብቀው ይገኛሉ። ተቀባዩ የሚሰጠው ነገር ካገኘ እንደ ለማኝ አይቈጠርም፤ እንደ ወዳጅ ቀና ብሎ ይቆማል።

ይህ ዐይነቱ ሥራ ከጦርነቱ ጋር አላለፈም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ ያሉ ሴቶች ከትራስ ልብስ የልጃገረድ ቀሚስ እየሰፉ ወደ አፍሪቃ ይልካሉ። ሥራው ቀላል ነው፤ የተዘጋው ጫፍ ይቈረጣል፤ በሁለቱ ጎን የክንድ መውጫ ይወጣለታል፤ አንገቱ ታጥፎ ይዘመዘምና ጥብጣብ ይገባበታል። ቁልፍ አያሻውም፤ ጥብጣቡም ስለሚላላ ልጅቱ ስታድግ ወዲያው አይጠባትም። ጀማሪም ቢሆን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ነገር ግን ሥራው ቀላል ነው ብሎ ስፌቱን ማላላት፥ ነጻ ነው ብሎ ያለቀ ጨርቅ መምረጥ ልግስናውን ያበላሸዋል። ለማናውቀው ልጅ የምንሰፋው ልብስ ለገዛ ልጃችን ከምንሰፋው ማነስ የለበትም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የቤልጂግን ልጆች ያለበሰውም የአንድ ባለጠጋ እጅ ሳይሆን የብዙ ሰዎች ክር ነው። እንግዲህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ለተቸገረ የምትሰጠውን ከመጠቅለልህ በፊት የእናቴን ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፤ መልስህ «አልለብሰውም» ከሆነ፥ መርፌውን አንሣ።