አብርሃም በሥላሴ ፊት፡- መጠየቅና መታዘዝ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 7 ቀን ቅድስት ሥላሴ በአባታችን በአብርሃም ቤት የተስተናገዱበትን በዓል ታከብራለች። በአዲስ አበባ፣ አራዳ በሚገኘው መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ዕለቱ በታላቅ ክብር ይከበራል። በዚህ በዓል አዘውትሮ የሚነገረው የአብርሃም እንግዳ ተቀባይነት ነው። በዚያው ምዕራፍ ግን ለአምላኩ ያቀረበው ከባድ ጥያቄም ተጽፏል (ዘፍ. 18፥23-33)።

የአብርሃም ጥያቄ

አብርሃም የሰዶምን ጥፋት በሰማ ጊዜ፣ የምድር ሁሉ ፈራጅ ጻድቁን ከኃጥኡ ጋር እንዴት ያጠፋል ሲል ጠየቀ። ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 እየቀነሰ 6 ጊዜ ለመነ። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም፤ 6 ጊዜም መለሰለት።

በዚህ ልመና ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ አብርሃም ወደ እግዚአብሔር ቀረበ እንጂ አልሸሸም። ሁለተኛ፣ ራሱን አፈርና አመድ አድርጎ በትሕትና ተናገረ። ሦስተኛ፣ የጠየቀው ለሌሎች ነው። የጥያቄው መሠረትም እምነት ነበር፤ ፈራጁ እውነተኛ መሆኑን ያላመነ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅምና።

ጥያቄና ጥርጥር

ካህኑ ዘካርያስም እመቤታችንም መልአኩን ጠይቀዋል (ሉቃ. 1፥18፤ 1፥34)። ዘካርያስ የተነገረውን ስላላመነ እስኪፈጸም ድረስ አንደበቱ ተዘጋ። እመቤታችን ግን የሚሆንበትን መንገድ ጠይቃ፣ ራሷን ለቃሉ አሳልፋ ሰጠች። እስራኤል በምድረ በዳ ያጉረመረሙት ደግሞ ወደ ግብፅ ለመመለስ ልባቸው ስለ ሸፈተ ነው (ዘኍ. 14፥4)። ስለዚህ ጥያቄን የሚለየው ጠያቂው በልቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ከጥያቄው በኋላ

በሰዶም 10 ጻድቃን አልተገኙም። አብርሃም ማልዶ ተነሥቶ ያየው የከተማይቱን ጢስ ነበር። ልመናው ግን ከንቱ አልሆነም፤ እግዚአብሔር አብርሃምን አስቦ ሎጥን ከጥፋት አወጣው (ዘፍ. 19፥27-29)።

ይስሐቅን እንዲሠዋ በታዘዘ ጊዜም አብርሃም በማለዳ ተነሣ (ዘፍ. 22፥3)። ለሰዶም ደጋግሞ የለመነው አባት ስለ ገዛ ልጁ እንደ ተከራከረ አልተጻፈም። ጠይቆ ያወቀውን አምላክ ታምኖ ሄደ።

በካቴድራሉ ቅጽር

በካቴድራሉ ቅጽር ውስጥ በፋሺስት ወረራ ዘመን የተጋደሉ አርበኞች መቃብር፣ እንዲሁም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉ ባለሥልጣናት መታሰቢያ ይገኛሉ። ወገኑን በግፍ ያጣ ሰው በዚያ ቆሞ የሚያነሣው ጥያቄ ከአብርሃም ጥያቄ የራቀ አይደለም።

እንዲህ ያለ ኀዘንተኛ ጥያቄውን በጸሎት ለእግዚአብሔር ያቅርብ፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር። መልሱ ቢዘገይ ከጾሙ፣ ከቅዳሴውና ከቅዱስ ቁርባን አይራቅ። አብርሃም የሰዶምን ጢስ ካየ በኋላም በእግዚአብሔር ቤት ጸንቷልና።

የአባታችን የአብርሃም በረከት ይደርብን፤ የቅድስት ሥላሴ ቸርነት አይለየን፤ አሜን።