ዳገቱን ያላየ ካሜራ

አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱበት መንገድ ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። ጉዞው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥቶ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት ሲጎተት፣ ከፊቱ ገደሉ እየተናደ ድንጋዩ እየተፈነቀለ መንገድ ይጠረግ ነበር፤ ንጉሡም ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ካሜራ በዚያው ዓመት አገራችን ገብቷል። ነገር ግን የገባው ከጄኔራል ናፒየር ጦር መሐንዲሶች ጋር በዙላ በኩል ነውና የቀረጸው የእንግሊዝን ሰፈር፣ የእንግሊዝን መንገድና በመጨረሻም የተሸነፈችውን መቅደላን ነው። የጋይንት ዳገትና የጎታቾቹ ላብ በጽሑፍ እንጂ በፎቶ አልቀረም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ካሜራ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን የአርመኑ የቤድሮስ ቦያጂያን ቤተሰብ ሥራ ይህንን ያሳያል። ይህ መንገዱን ትቶ ዙፋኑንና ፍጻሜውን ብቻ የማንሣት ልማድ ከሁሉ ይበልጥ የጎዳው የብስክሌት ስፖርታችንን ነው ብዬ አምናለሁ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የጎዳና ውድድር ተሰልፈው ቡድናቸውን ዘጠነኛ አደረጉት። አንደኛ የወጣችው ፈረንሳይ ነበረች፤ በግል ያሸነፈው ደግሞ ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። በብስክሌት ከኖሩት ከእነዚህ አገሮች ጋር ተሰልፎ፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ፣ ዘጠነኛ መሆን ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የአራቱን ስም ሳያመነታ የሚጠራ የስፖርት ወዳጅ ጥቂት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ ግን ችቦ የያዙ ወታደሮች ዳር ዳሩን ቆመው ነበር፤ ካሜራውም መንገድ ላይ ነበር። ያንን እግር በዓይኑ ሥሎ ያላደገ ኢትዮጵያዊ የለም።

«አበበ ወርቅ አመጣ፣ እነ ገረመው አላመጡም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው» የሚል ይኖራል። ወርቁ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ድል ብቻውን መታሰቢያ ቢሆን ኖሮ ዓለም ኤዤን ክሪስቶፍን በረሳው ነበር። ይህ ፈረንሳዊ ቱር ደ ፍራንስን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1913 እ.ኤ.አ. ከቱርማሌ ተራራ ሲወርድ የብስክሌቱ ሹካ ተሰበረበት፤ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ሄደና መንደር ውስጥ ካገኘው አንጥረኛ ቤት ገብቶ በገዛ እጁ ጠገነው። ወናፉን አንድ ልጅ ነፍቶለታል ተብሎም ተቀጣ። ጋዜጦች ስለጻፉለትና መንደሩም መታሰቢያ ስላቆመለት ታሪኩ ዛሬም ይነገራል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ቱርማሌ ላይ ኦክታቭ ላፒዝ ከኮርቻው ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ሲወጣ የተነሣው ፎቶ ደግሞ የዚያ ውድድር መለያ ሆኗል። ላፒዝ የዚያ ዓመት አሸናፊ ነው፤ ስሙን ያኖረው ሥዕል ግን ዋንጫ የተቀበለበት ሳይሆን የደከመበት ነው።

ሁለቱም ሰዎች የሳይክሎክሮስ ልጆች መሆናቸው ለዚህ ጉዳይ ቁም ነገር ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የፈረንሳይ ሻምፒዮና የተካሄደበት ይህ ውድድር በጭቃ፣ በሣርና በዳገት ይዞራል፤ መንዳት ሲያቅት ብስክሌቱን ትከሻ ላይ አድርጎ መሮጥ የጨዋታው አካል ነው። ዙሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፎቶ አንሺው ሞተር ሳይክል አያሻውም። አንድ ዳገት ሥር ቆሞ ያንኑ ሰው ደጋግሞ ያገኘዋል፤ ብርሃኑን ይመርጣል፣ ጭቃ የለበሰውን ፊት ይጠብቃል። መጨረሻ የሚወጣውም እንደ መጀመሪያው በፊቱ ያልፋል።

«ጋይንት የተራራ አገር ነው፤ ብስክሌት የባሕር ዳር ሜዳ ነገር ነው» የሚለው ሙግትም ከዚህ በኋላ አቅም ያጣል። ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ከጣና ዳር ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ የጉናን ግርጌና ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ጨጨሆ ይዘልቃል። ለብስክሌተኛ እንዲህ ያለ ዳገት መፈተኛ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም የደጋማዋ መቀሌ ልጅ ነው። እርሱን በዚያ ውድድር ያነሡት ግን የውጭ አገር ካሜራዎች ናቸው።

መመዝገብ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እዚያው ጋይንት ያለው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ድጓ ዛሬ ድረስ ማስመስከሪያ ሆኖ የቆየው ዜማው ስለተወደደ ብቻ ሳይሆን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ስላበጁለትና መምህራኑም ቃል በቃል እያስመሰከሩ ስላስተላለፉት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ግን በሥዕል ለመመዝገብ ብዙ ዘገየ። በክብ ሣር ክዳን የተሸፈነውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሥራ ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው በ1955 እ.ኤ.አ. የመጣው ተጓዥ ቶማስ ፓክንሃም ነው፤ አገሬው ግን ሲጸልይበት ኖሯል። በዓመቱ እነ ገረመው ሜልቦርን ላይ ፔዳል ረገጡ። ስለዚህ የብስክሌት ፌዴሬሽኑና የክልሉ ስፖርት ቢሮ ውድድር ሲያዘጋጁ አንድ ፎቶ አንሺ ከመድረኩ ርቆ ዳገቱ ላይ እንዲቆም ያድርጉ፤ ከፎቶው ጀርባም የጋላቢው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። የቀድሞ ብስክሌተኞች ቤተሰቦችም በአልበም የያዛችሁትን ሳይደበዝዝ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት አስቀዱ።